ግዳይና ጉብኝት፤ የዱር አራዊትን በትንሽ ቡድን ስለ ማየት ልማድ የቀረበ ሒስ

ጥቂት ሰዎች በቡድን ሆነው፥ በመሪ እየተመሩ፥ የዱር አራዊትን ሳይነኩ ማየታቸው በዓለም ላይ የታወቀ ልማድ ከሆነ ቈይቷል። ልማዱ የራሱ ልብስ፥ የራሱ ዕቃ፥ የራሱ ወቅትና የራሱ የዝምታ ደንብ አለው። ተጓዦቹ ስድስት ወይም ስምንት ወይም ዐሥራ ሁለት ሆነው ማለዳ ይነሣሉ፤ መሪው ሲቆም ይቆማሉ፥ ሲያጐነብስ ያጐነብሳሉ፥ በእጁ ሲያመለክት መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሣሉ። ማታ በእሳት ዳር ወይም በሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው ያዩትን ይቈጥራሉ። እንዲህ ያለ ሥርዐት በአንድ ተራራ ላይ በሚኖር ጐሣ ዘንድ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፥ የሰውን ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዳር እስከ ዳር በጻፉት ነበር። ነገር ግን ስለሚታዩት አራዊት ብዙ መጻሕፍት ሲጻፉ፥ ስለሚያየው ሰውና አራዊቱ በሚኖሩበት አገር ስላለው ባለቤት የተጻፈው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ልማዱ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል አጭር ነው፤ «ምንም አልወስድም፥ ምንም አልጐዳም» ይላል። ከዐዳኝ የሚለየውም ይኸው ቃል መሆኑን ያስረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቃል መመርመር ነው። ምርመራው በመጀመሪያ ልማዱ ፍጹም መልኩን ወደ ያዘበት ወደ ሩቅ ሰሜን ይሄዳል፤ ቀጥሎ ልማዱ የተወለደበትን የዐደን ታሪክ ይመለከታል፤ ከዚያም በኢትዮጵያ ደጋዎች በኩል አልፎ በሆሳዕናና በሐዲያና ከምባታ ከተሞች ያበቃል። መንገዱ ከልክ በላይ የረዘመ መስሎ ቢታይ፥ ወፎች በየዓመቱ የሚመላለሱበት መንገድ መሆኑን አንባቢ ወደ ፊት ያገኘዋል።

ታንድራ የሚባለው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚገኝ፥ ዛፍ የማይበቅልበት፥ የላይኛው አፈር በበጋ ለጥቂት ሳምንታት ሲላላ ከሥሩ ግን ዘወትር እንደ በረዶ የደረቀ ምድር ነው። በዚያ አራዊትን ለማየት ከሚኬድባቸው ስፍራዎች አንዷ በካናዳ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፥ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው ቸርችል ናት። የከተማዋ ሕዝብ አንድ ሺህ አይሞላም። በጥቅምትና በኅዳር ነጫጭ ድቦች ባሕሩ በረዶ እስኪሆን ድረስ በዳርቻው ይሰበሰባሉ፤ ጐብኚዎችም የሰው ቁመት የሚያህል ጐማ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ተሳፍረው ያዩአቸዋል። ድቡ አይታደንም፤ መብልም አይወረወርለትም፤ ተመልካቹም ከተሽከርካሪው አይወርድም። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ የማየት ሥርዐት ማሰብ ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ሌላም ታሪክ አላት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 የካናዳ መንግሥት ሳዪሲ ዴኔ የሚባሉትን፥ ካሪቡ የተባለውን የሰሜን አጋዘን እየተከተሉ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች፥ «ካሪቡውን ፈጃችሁት» በሚል ምክንያት ከአገራቸው አንሥቶ ወደ ቸርችል አመጣቸው። በከተማዋ ዳር በድኽነትና በችግር ብዙዎቹ አለቁ፤ የተረፉት በ1973 ከዚያ ለቀው በታዱሌ ሐይቅ ዳር አዲስ መንደር ቈረቈሩ። የካናዳ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2016 ነው። እንግዲህ አራዊትን ለማዳን ተብሎ የአራዊቱ ጐረቤት የተጣለበት ስፍራና አራዊትን ለማየት ዓለም የሚጐርፍበት ስፍራ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ድርጊቱን ጐብኚዎች አልፈጸሙትም፤ ዘመኑም ይቀድማቸዋል። ነገር ግን ድቡን አጕልቶ የሚያሳየው መነጽር ይህን ታሪክ ሊያሳይ አይችልም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም።

በስቫልባርድ የኖርዌይ ደሴቶች ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ ስላልነበረ፥ የእንግዳውን ጠባይ የሚቈጣጠረው የመንግሥት ሕግ ብቻ ነው። ነጭ ድብን ማደን በዚያ ከተከለከለ ከ1973 ጀምሮ ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ማንም ሰው ከ300 ሜትር ይበልጥ ወደ ድብ እንዳይቀርብ፥ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባሉት የፈረንጅ ወራትም ርቀቱ 500 ሜትር እንዲሆን ታዝዟል። ይህ ትእዛዝ ሊጤን ይገባዋል። «ማየት ምንም አይጐዳም» የሚለው ቃል እውነት ቢሆን ኖሮ፥ ዓይን ከሚታየው የሚርቅበትን ልክ ሕግ አውጥቶ መወሰን ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ ማየትም ድርጊት ነው፤ ድርጊት ከሆነም ሒሳብ የሚጠየቅበት ነው።

ይህ ሒሳብ እንዴት እንደ ጠፋ ለመረዳት ልማዱ ከየት እንደ ተወለደ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱ ዐደን ነው። የአፍሪካ ጐብኚ ሁሉ ሊያያቸው የሚመኛቸው «አምስቱ ታላላቆች» ማለት አንበሳ፥ ነብር፥ ዝሆን፥ አውራሪስና ጐሽ፥ በመጀመሪያ የተመረጡት ለውበታቸው አልነበረም፤ በእግር ሲታደኑ አደገኞች ስለ ሆኑ ዐዳኞች የሰጧቸው ስም ነው። በኢትዮጵያም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው መኰንን ስዌይን በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በሶማሌ ምድር ሲዘዋወርና ሲያድን ያገኘው የቆርኬ ዓይነት በሳይንስ የእርሱን ስም ይዞ ቀርቷል። የደጋ አጋዘን የሚባለው ኒያላም በአውሮፓ ሳይንስ የታወቀው በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ ዐዳኝ ከገደለው በኋላ ነው፤ የእንስሳ ሊቁ ሊዴከር በ1910 ስም ሲያወጣለት የዐዳኙን ስም ሰጠው። የአርሲና የባሌ ሰው ግን አጋዘኑን ከዘመናት በፊት ያውቀው ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጐብኚው በመዝገቡ ላይ ምልክት የሚያደርግበት የአራዊት ስም ራሱ የግዳይ መታሰቢያ ነው።

በአማርኛ ግዳይ ትልቅ ቃል ነው። ግዳይ የጣለ ሰው አንበሳ ከሆነ ጐፈሩን ይለብሳል፤ በአደባባይ ቆሞ ይፎክራል፤ ወገኖቹም ይቀበሉታል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ነገር ከዚህም የጠለቀ ሥር እንደ ነበረው የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ሊቃውንት ጽፈዋል። አዶልፍ የንሰን እ.ኤ.አ. በ1936፥ አይከ ሐበርላንድ በ1963፥ ስለ ሐዲያ ታሪክ ኡልሪክ ብራውካምፐር በ1980 ባሳተሟቸው መጻሕፍት፥ ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው በማኅበሩ ውስጥ ልዩ ማዕርግ ያገኝ እንደ ነበር ይገልጻሉ፤ በዘፈን ይነሣል፥ በድግስ ይከበራል፥ በሞተ ጊዜም ግዳዩ ይቈጠርለታል። ክብሩ የግል ሀብት አልነበረም። ማኅበሩ ካልመሰከረ ግዳይ ግዳይ አይባልም፤ ሰውየውም ወደ መንደሩ ተመልሶ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ስለ ሥራው መናገር ግዴታው ነበር።

በዚህ ላይ የሁለቱን ልማዶች መልክ ጐን ለጐን ማየት ይጠቅማል። ዐዳኙ ይወጣል፥ ይከታተላል፥ ያገኛል፥ ምልክት ይዞ ይመለሳል፥ ይተርካል። ጐብኚውም ይወጣል፥ ይከታተላል፥ ያገኛል፥ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል፥ ይተርካል። ጥይቱ በፎቶግራፍ መሣሪያ ተተክቷል፤ ጅራቱና ቀንዱ በሥዕል ተለውጧል፤ ፉከራው በዝርዝር መዝገብ ሆኗል። ሆኖም አንድ ነገር ጐድሏል። ዐዳኙ የሚመለስበት መንደር አውሬው ከሚኖርበት ምድር ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ትረካውን የሚሰሙት ሰዎች ያንን ጫካና ያንን ውሃ የሚያውቁ ነበሩ። ጐብኚው ግን የሚተርከው ስፍራውን ለማያውቁና ሊመሰክሩበትም ሊፈርዱበትም ለማይችሉ ሰዎች ነው። ልማዱ እጁን አጠበ፤ ነገር ግን ዳኛውንም አብሮ ጣለ።

ከዚህ ተነሥቶ የጥንቱ ዐደን ይሻል ነበር ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። የመንደሩ ምስክርነት ዐዳኙን አስከበረው እንጂ አውሬውን አላዳነውም። ዝሆን በኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የጠፋው በዝሆን ጥርስ ንግድ ብቻ ሳይሆን በክብር ፍለጋም ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 ዐደንን የሚወስን ደንብ ማውጣታቸው፥ በኋላም በ1963 ሰር ጁሊያን ሀክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ ስለ አራዊት ጥበቃ ምክር መስጠቱ፥ ጥፋቱ ከባድ እንደ ነበር ያስረዳሉ። እንግዲህ አንዱን ልማድ ለማመስገን ሌላውን መንቀፍ ዋጋ የለውም። ዋናው ጥያቄ የማይገድል እጅና ሒሳብ የሚሰጥ አንደበት በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

ከኢትዮጵያ ምድር ታንድራን እጅግ የሚመስለው በባሌ ተራሮች ላይ ያለው የሰነቲ ሜዳ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዛፍ አይታይበትም፤ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ቀን ፀሐይ ሲወጣ የአይጦቹ መንደር ሕይወት ይዘራል። በዚያ ጐብኚው የሚፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ይገኛሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስለ ቀበሮው ለጐብኚ የሚነገረው ቃል ብዙ ጊዜ ይህን ቍጥርና ይህን ማዕርግ አይዘልም።

የባሌ እረኛ ግን ለዚህ እንስሳ ሌላ ስም አለው። በኦሮምኛ «ጀደላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚጠብቅ ነው ይባላል። በዚህ ስም ውስጥ አንድ ሙሉ የኑሮ ታሪክ አለ፤ ቀበሮውና ከብቱ፥ ከብቱና እረኛው በአንድ ሜዳ ላይ አብረው መኖራቸውን ይናገራል። ነገሩ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ከእረኛው ጋር የሚወጣው ውሻ የእብደት በሽታ ያስተላልፋል፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተደጋጋሚ የተነሣው ወረርሽኝ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ከባድ እልቂት አድርሷል። ውሾቹን መከተብ የተጀመረውና ሊሠራ የቻለውም የውሾቹ ባለቤቶች ሲተባበሩ ነው። እንግዲህ የቀበሮው ሕይወት በቀጥታ የተንጠለጠለው በእረኛው ፈቃድ ላይ ሲሆን፥ በጐብኚው ፎቶግራፍ ውስጥ እረኛው የለም፤ ቢገባም ሥዕሉን አበላሸ ይባላል።

ይህ የዓይን ልማድ ወደ አስተዳደር ሲገባ ዋጋው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በነጭ ሳር ፓርክ የነበሩ የኮሬና የጉጂ ነዋሪዎች ከይዞታቸው እንዲነሡ ተደርጓል፤ በ2016 ደግሞ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። የሁለቱ ጉዳይ ምክንያትና አፈጻጸም ይለያያል፤ ለእያንዳንዱም የሚቀርብ ክርክር አለ። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ከሁሉ በፊት የነበረው ሥዕል ነው፤ አራዊት ያለበት ምድር ሰው የሌለበት ምድር መሆን አለበት የሚለው ሥዕል። ይህን ሥዕል ጐብኚው አልፈጠረውም፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከፍሎ የሚያየው እርሱን ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ በሸዋ በመንዝ ያለው ጓሳ ያስረዳል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚነሣ፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የሣር ምድር ነው። ከጥንት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዐት ይተዳደር ነበር። ከአቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች በየወገናቸው አለቃ መርጠው ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፤ ደርሷል ሲባል በጋራ ውሳኔ ከፍተው ለቤት ክዳንና ለልዩ ልዩ ሥራ ያጭዱታል፤ ያለ ጊዜው የገባውን ይቀጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያፈርስ ሥርዐቱም ፈረሰ፤ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን አነሣሣው። ቀሮ የተሠራው ለቀበሮው ተብሎ አልነበረም፤ ለሣሩ ነበር። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ተጠበቀ፤ አይጡ ሲጠበቅ ቀበሮው ተረፈ። ዛሬ ወደ ጓሳ የሚሄድ ጐብኚ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ያድራል፤ ያየውንም ያየው በባለቤት ፈቃድ መሆኑን ያውቃል። የማይገድል እጅና የሚጠየቅ አንደበት አብረው ሊኖሩ መቻላቸው በዚህ ይታወቃል።

እነሆ አሁን ወደ ሐዲያና ወደ ከምባታ እንመለስ ቢባል፥ ነገሩ የሚገኝበት ደረጃ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የተለየ የሚያደርገውም ገና ያልተወሰነ መሆኑ ነው። ጥንት ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ከ2023 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዙሪያዋ ያለው ደጋ በእንሰት የተሸፈነና ሕዝብ እጅግ የሰፈረበት ነው፤ ዱራሜ፥ አንጋጫ፥ ዶዮገናና ሺንሺቾ የሚገኙበት የከምባታ ምድርም እንዲሁ። ሰው የሌለበት ሥዕል ለሚፈልግ ጐብኚ ይህ አገር የሚያልፉበት እንጂ የሚቆሙበት አይደለም። በሆሳዕና ምሳ ይበላል፥ ነዳጅ ይሞላል፥ በአላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። በዚያ መንገድ ላይ ከአጄ ጥቂት ገባ ብሎ ያለው የሰንቀሌ ጥብቅ ስፍራ ግን ያስቆመዋል፤ የስዌይንን ስም የያዘው ቆርኬ በዚያ ይገኛልና። ይህ እንስሳ ስሙን ባገኘበት በሶማሌ ምድር ጠፍቶ ዛሬ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሰንቀሌ ዙሪያውን በእርሻና በከብት የተከበበ ትንሽ ሜዳ ነው፤ የቆርኬው ቍጥር ባለፉት ዐምሳ ዓመታት የወጣውና የወረደው በአብዛኛው ከአካባቢው ሰው ጋር በነበረው ሰላምና ጠብ ልክ ነው።

ከሆሳዕና ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ በሻሾጎ ወረዳ፥ በብላቴ ወንዝ ሜዳ ላይ ቦዮ የሚባለው ረግረግና ሐይቅ ይገኛል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መዝገብ፥ በአገሪቱ ለወፎች ታላቅ ጥቅም አላቸው ተብለው ከተቈጠሩት 69 ስፍራዎች አንዱ ነው። በበጋ ክሬን የሚባሉት፥ እንደ ሽመላ እግረ ረጅም የሆኑት ወፎች ይሰበሰቡበታል፤ ከእነርሱም መካከል በጕንጩ ላይ ሁለት ነጭ ጉትቻ የመሰለ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ብርቅ ዓይነት አለ፤ በባሌ ደጋ ላይም የሚገኝ ወፍ ነው። ከዚህም በቀር ክረምት በሩቅ ሰሜን ሲገባ ከታንድራ ተነሥተው የሚመጡ ጥቃቅን የውሃ ዳር ወፎች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ረግረጎች ይበተናሉ። ሊትል ስቲንት የተባለው ከእነርሱ አንዱ ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ግራም ብቻ ሲሆን፥ የሚፈለፈለው በዋልታው አቅራቢያ ነው። ሀብታሙ ጐብኚ በብዙ ሺህ ገንዘብ ሄዶ በታንድራ የሚያያትን ወፍ፥ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ዳር ላም የሚጠብቅ ልጅ በነጻ ያያታል።

ይህ የወፎች መንገድ ለሒሱ ዋና ማስረጃ ይሰጣል። በሰሜን ወፏ በምትፈለፈልበት ስፍራ እንቍላሏ እንዳይረገጥ ጠባቂ ይቆማል፥ ደንብ ይወጣል። የዓመቱን ግማሽ የምትመገብበት ረግረግ ግን የሚተዳደረው ከብቱን በሚያሰማራው፥ ጎርፍ ቤቱን በሚያሰጋው፥ ውሃው ሲሸሽ መሬቱን ለማረስ በሚመኘው የሻሾጎ ገበሬ ነው። እርሱ ረግረጉን አድርቆ ቢያርሰው በሰሜን ያለው ደንብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ገበሬው ግን ይህን ኀላፊነት እንደ ተሸከመ ማንም አልነገረውም፤ ስለ ተሸከመውም ማንም አላመሰገነውም። በመኪና መጥተው፥ ከዳር ቆመው፥ ቈጥረው የሚመለሱት ጥቂት ጐብኚዎች ስለ እርሱ የሚያውቁት ከብቶቹ ወፎቹን ማስበርገጋቸውን ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አንደኛው፥ ቡድኑ ትንሽ ስለ ሆነ ጕዳቱም ትንሽ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስምንት ሰው ከሰማንያ ይሻላል። ነገር ግን ትንሽነት የጕዳት ልክ እንጂ የግንኙነት ዐይነት አይደለም። ስምንት እንግዶች ማንንም ሳይሰላመቱ ቢያልፉ እንግድነታቸው አልተፈጸመም። ሁለተኛው፥ ጉብኝት ገንዘብ ያመጣል የሚል ነው። ይህም በጓሳ እንደ ታየው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ገንዘቡ በአዲስ አበባ ለተሳፈረበት መኪናና ለአደረበት ሆቴል ተከፍሎ ቢያልቅ፥ ለረግረጉ ዳር ነዋሪ የሚተርፈው የጐማ ዱካ ብቻ ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ፥ የአካባቢው ሰው ራሱ አራዊቱን ያጠፋል የሚል ነው። ከላይ ስለ ግዳይ እንደ ተነገረው፥ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ለዚህ መልሱ ሰውየውን ከሥዕሉ ማውጣት ከሆነ፥ በቸርችል የተደረገው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት ይሆናል።

ቋንቋው ራሱ የተሻለ መንገድ ያመለክታል። በአማርኛ ጐበኘ የሚለው ግሥ ዝም ብሎ አየ ማለት አይደለም። ገበሬ እርሻውን ይጐበኛል፤ ዘመድ ሕመምተኛውን ይጐበኛል፤ ሹም አገሩን ይጐበኛል። በሦስቱም ላይ የሚጐበኘው ሰው ለሚጐበኘው ነገር ኀላፊነት አለበት፤ ባየውም መሠረት አንድ ነገር ያደርጋል። ዛሬ ጉብኝት በሚል ስም የሚጠራው ልማድ ይህን የቃሉን ግማሽ ጥሎታል። ስለዚህ በልማዱ ላይ የሚቀርበው ሒስ ከውጭ የተጫነ መለኪያ አይደለም፤ ራሱ በተሸከመው ስም የሚቀርብበት ክስ ነው።

የከምባታ ሰው ለእንዲህ ያለው ጉብኝት ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ በትውፊት የከምባታ ሰባት ጐሣዎች መጀመሪያ የሰፈሩበት ነው ተብሎ ይነገራል። ወደ ጫፉ የሚያደርሱት 777 ደረጃዎች ሲሠሩም ቍጥሩ የዚህን የሰባትነት ነገር እንዲያስታውስ ሆኗል። የሚወጣው እንግዳ ደረጃውን በቈጠረ መጠን ስለ ቤቱ ባለቤቶች ይማራል። ደረጃ ተራራን ያስጌጣል ወይስ ያበላሻል የሚለው ክርክር ለብቻው ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ግን እንግዳው ያለ ባለቤቱ ቃል ወደ ላይ እንዳይደርስ መደረጉ ነው። ቦዮ እንዲህ ያለ ቃል ገና የለውም።

ይህን ቃል ማዘጋጀት ከሁሉ በፊት የትምህርት ሥራ ነው። በሐዲይኛና በከምባትኛ የየወፉ ስም ምን እንደ ሆነ፥ የትኛው ወፍ ዝናብ አምጪ፥ የትኛው ክፉ ምልክት ተብሎ እንደሚቈጠር፥ የቱ ውሃ ለየትኛው ወገን ግጦሽ እንደ ነበረ፥ ረግረጉ ሲሞላና ሲሸሽ ማን እንደሚወስን፥ ይህ ሁሉ በሽማግሎች አፍ ላይ ያለ ነገር ነው። በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከየወረዳው የሚመጡ ተማሪዎችም አሉት። በሳይንስ መዝገብ ቆርኬ የስዌይንን፥ ኒያላም የበክስተንን ስም ይዘው ቢቀሩ የሚገርም አይደለም፤ የሚያሳዝነው የአገሩ ስም ሳይጻፍ ከባለቤቶቹ ጋር ቢቀበር ነው። ስሙ የተሰበሰበለት ወፍ ለጐብኚው ሲታይ ከነ ጐረቤቱ ይታያል፤ መሪው ከመንደሩ ልጆች መካከል ሲሆን፥ የመግቢያው ዋጋ በአደባባይ ሲቈጠር፥ መቼ መቅረብ መቼ መራቅ እንዳለበትም የከብቱ ባለቤት ሲወስን፥ የጠፋው ዳኛ ተመለሰ ማለት ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። በትንሽ ቡድን የዱር አራዊትን የማየት ልማድ ከዐደን የወረሰውን ደም ትቷል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ከዐደን ጋር አብሮ የነበረውን ማኅበራዊ ሒሳብ ግን ሳያስብበት ጥሎታል። በታንድራ ይህን ጕድለት የመንግሥት ሕግ በከፊል ይሞላዋል፤ በጓሳ ማኅበረሰቡ ሞልቶታል። በቦዮ ገና አልተሞላም፤ ረግረጉ ደግሞ በክርክር አይቈይም። አንድ ሁለት ደረቅ ዓመት ቢመጣና ማረሻ ቢገባበት፥ ከሩቅ ሰሜን የምትመጣው ትንሽ ወፍ የምታርፍበትን ስታጣ፥ ጥፋቱን በሻሾጎ ገበሬ ላይ የሚጽፉ ብዙዎች ይሆናሉ። ከዚያ በፊት ወደ ቤቱ ገብቶ እንደ ወጉ የጐበኘው ማን እንደ ነበረ ግን ሊጠየቅ ይገባል።